ለተሃድሶ ክፍል የትኛው የኮምፒውተር መሣሪያ ይሻላል? ጎንደር ላይ ሆነን ስናነጻጽር

ለአካል ተሃድሶ ሕክምና ክፍል ሶፍትዌር ሊመርጥ የተሰበሰበ ኮሚቴ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከስም ነው። ዲኤችአይኤስ2 (የጤና ሪፖርት ሶፍትዌር) ይሻላል፣ ኦፕንኤምአርኤስ (የታካሚ መዝገብ ሶፍትዌር) ይሻላል፣ አሁን ደግሞ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) እናስገባ ይባላል። እኔ ከሌላ ቦታ ጀምሩ እላለሁ። ክፍላችሁ በየሳምንቱ እየተቸገረ የሚወስነው ውሳኔ የቱ ነው?

ሰው ሠራሽ እግር ከሚጠብቁት ውስጥ ቀጥሎ ማን ይጠራ? ለቆልማማ እግር ጄሶ ተጀምሮለት የቀረውን ሕፃን ማን ይፈልገው? የመስክ ቡድኑ ዳባት ይሂድ ወይስ አይከል? ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት የፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ ሉህ መቼ ያልቃል? እያንዳንዱ ጥያቄ የሚፈልገው መሣሪያ የተለያየ ነው። አንድ ሶፍትዌር ለሁሉም ይሆናል የሚል ሻጭ ቢመጣ፣ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን ምረጡና አሁኑኑ መልሱን በስክሪን ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

እዚህ የማነጻጽረው የውሳኔ ድጋፍ መሣሪያዎችን ነው። ይህን ስል መዝገብ ብቻ የሆነውን ማለቴ አይደለም። መዝገብ ትናንት የሆነውን ይነግራችኋል። የውሳኔ ድጋፍ ግን ከፊታችሁ ያሉትን አማራጮች አስቀምጦ «ይህን ብታደርጉ ይህ ይመጣል» ይላል። ውሳኔው የእናንተ ሆኖ ይቀራል።

ጎንደር ለዚህ ሥራ የተመቸም የተቸገረም ከተማ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ከተቋቋመ ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲያፈራ ኖሯል። ፊዚዮቴራፒ ያስተምራል። ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ተባብሮ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ጀምሯል። ማኅበረሰብ አቀፍ የተሃድሶ ፕሮግራምና የጤና ኢንፎርማቲክስ ትምህርት ክፍልም አለው። ሌላ ከተማ ውስጥ የማይገኝ ባለሙያ እዚህ በእግር ተሂዶ ይገኛል።

ችግሩ ደግሞ የታወቀ ነው። ታካሚው ከመተማ፣ ከአርማጭሆ፣ ከደባርቅ፣ ከጃናሞራ ይመጣል። ግጭቱ አካሉን ያጎደለው ሰው አለ። መብራት ይሄዳል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የተቋረጠው የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት አልተመለሰም። ስለዚህ ለእኔ የመጀመሪያው መመዘኛ አንድ ነው። ኔትዎርክ በሌለበት ቀን ይሠራል ወይስ አይሠራም? ከደልጊ ሌሊት ተነሥቶ የመጣ ሰው በር ላይ «ሲስተም የለም» መባል የለበትም።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ 2.4 ቢሊዮን ያህል ሰው የተሃድሶ አገልግሎት ቢያገኝ ሊጠቀም ይችላል ይላል። ድርጅቱ «ተሃድሶ 2030» የተባለውን ጥሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ጀመረ። የዓለም ጤና ጉባኤ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ተሃድሶ የጤና ሥርዓቱ አካል እንዲሆን ውሳኔ አሳለፈ። ፈላጊው ከባለሙያው እጅግ ይበዛል። ለዚህ ነው «ማን ይቅደም» የሚለው ጥያቄ በጥንቃቄ መመለስ ያለበት።

ኤክሰል፦ ያለአግባብ የተናቀው

በጥቂት ባለሙያ የሚሠራ ክፍል ከሆናችሁ ኤክሰል ይበቃችኋል። ለፈቃድ የሚከፈል ገንዘብ ከሌለ ነፃው ሊብሬኦፊስ ያው ሥራ ይሠራል። ይህን የምመክረው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ተጠባባቂን ለማስተዳደር የሚያስፈልገው ስሌት በእርግጥ ቀላል ነው።

እንበል 90 ሰው ሰው ሠራሽ እግር ይጠብቃል። ወርክሾፑ በሳምንት 6 ያስረክባል። 90 ለ6 ሲካፈል 15 ይሆናል። ዛሬ የተመዘገበ ሰው 15 ሳምንት፣ ማለትም ሦስት ወር ተኩል ይጠብቃል። በየሳምንቱ 8 አዲስ ሰው ይመዘገባል ብለን ደግሞ እናስብ። ዝርዝሩ በሳምንት በ2፣ በዓመት ከ100 በላይ ሰው ያድጋል። ይህ ቁጥር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ክርክሩ ይቀየራል። «ሠራተኛው ይበርታ» መባሉ ቀርቶ «በሳምንት ሁለት ተጨማሪ እግር ለማስረከብ ምን ያስፈልጋል?» ይባላል። በጀት የሚጠየቀውም በዚህ ነው።

ኤክሰል እኛ አገር የሚያጠምዳችሁ ሁለት ቦታ አለ። የመጀመሪያው ቀን ነው። ኤክሰል የኢትዮጵያን አቆጣጠር አያውቅም። ጥቅምት 30 ቀን 2017ን 30/2/2017 ብላችሁ ብትጽፉ፣ በፈረንጅ የካቲት ውስጥ 30ኛ ቀን ስለሌለ ቀን መሆኑን አይቀበልም። እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። የካቲት 30ን 30/6/2017 ብትሉት ደግሞ ኮምፒውተሩ ቀንን ከወር የሚያስቀድም ከሆነ ይቀበለዋል፤ ግን የፈረንጆቹ ሰኔ 30 አድርጎ ነው። ጳጉሜንማ ጭራሽ አይገባውም። ከዚያ ዝርዝሩን በቀን ቅደም ተከተል ስታዘጋጁ ለረጅም ጊዜ የጠበቀው ሰው መጨረሻ ላይ ሊወድቅ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። የኢትዮጵያው ቀን በጽሑፍ በአንድ ዓምድ ይቀመጥ። ለስሌት የሚሆነው የፈረንጁ ቀን በሌላ ዓምድ ይግባ። የጥበቃው ርዝመት ከሁለተኛው ብቻ ይሰላ።

ሁለተኛው ስም ነው። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ» ይላል፣ ሌላው «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሃይሉ»። «ሠ»ና «ሰ»፣ «ጸ»ና «ፀ» ላይም እንደዚሁ ነው። ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ያያል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል። ታካሚው ካርድ ቁጥሩን ካልያዘ ፋይሉ አይገኝም፣ አዲስ ይከፈትለታል፣ የቀድሞው ልኬት ይጠፋል። ስለዚህ የትኛውንም መሣሪያ ስትመርጡ የካርድ ቁጥር፣ የአያት ስም፣ ስልክና የአስታማሚ ስልክ አብረው ይመዝገቡ። ፍለጋውንም ራሳችሁ በ«ሀ»ና በ«ኃ» ሞክሩት። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሲስተም ይህን ቀላል ፈተና ሊወድቅ ይችላል።

የኤክሰል ድክመት ሲበዛ የሚታየው ፋይሉ ሲባዛ ነው። አንዱ ቅጂ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ የኃላፊው ላፕቶፕ ላይ፣ አንዱ ቴሌግራም ላይ ይቀመጣል። የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። ማን ምን እንደቀየረም በቀላሉ አይታወቅም። በአንድ ኮምፒውተር ላይ አንድ ሰው የሚሞላው እስከሆነ ድረስ ጥሩ ነው። ሦስት ክፍል አንድ ላይ መሙላት ከጀመረ ጊዜው አልፎበታል።

የቅድሚያ ነጥብ፦ ከሶፍትዌሩ ይልቅ ክርክሩ

በኤክሰልም ይሁን በሌላ መሣሪያ ሊሠራ የሚገባው ትልቁ ነገር የቅድሚያ ነጥብ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ቦታ የሚሠራበት ሕግ «ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል» ነው። ፍትሐዊ ይመስላል። ግን አዘዞ የሚኖር ሰው ቀጠሮ ሲሰረዝ በማግስቱ ይመለሳል። ከመተማ የመጣው ለአልጋና ለምግብ እየከፈለ ነው የሚጠብቀው። ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ የከተማው አልጋ በእንግዳ ተይዞ ዋጋው ይወደዳል። በማደግ ላይ ያለ ሕፃን ሰው ሠራሽ እግሩ በየ6 እስከ 12 ወሩ ሊቀየር ወይም ሊስተካከል ይገባዋል። ለእሱ አራት ወር መጠበቅ ማለት ሲደርስለት የማይሆነው እግር መቀበል ሊሆን ይችላል። በቅርቡ እግሩ የተቆረጠ ሰው ሳይንቀሳቀስ ከቆየ መገጣጠሚያው ይደርቃል። በኋላ የሚሠራለት እግር ጥሩ ቢሆን እንኳ መራመድ ይከብደዋል።

እንግዲህ ለየትኛው ስንት ነጥብ? ይህን ኮምፒውተር አይመልስም። ባለሙያው፣ ማኅበራዊ ሠራተኛውና ከተቻለ ራሳቸው አገልግሎቱን የሚጠቀሙ አካል ጉዳተኞች ተቀምጠው ይወስኑት። መሣሪያው የሚጠቅመው ውሳኔው ላይ ከተደረሰ በኋላ ነው። ለሁሉም እኩል እንዲሠራ ያደርገዋል። አንድ ሰው በትውውቅ ወደ ላይ ሲወጣም ያሳያል።

ነጥቡን ከመጀመራችሁ በፊት በቅርቡ ባስተናገዳችኋቸው 20 ሰዎች ላይ ሞክሩት። የነጥቡን ቅደም ተከተል ልምድ ያላት ፊዚዮቴራፒስት በእጇ ካወጣችው ጋር አስተያዩት። የማይገጥሙበት ቦታ ላይ ቁሙ። አንዳንዴ ነጥቡ የረሳው ነገር ይገኛል። አንዳንዴ ደግሞ ልማዱ ራሱ የሩቁን ሰው ሲጎዳ እንደኖረ ይታያል።

ለነጥቡ የሚሆን የአቅም መለኪያ አዲስ መፍጠር አያስፈልግም። ባርቴል 10 ጥያቄ አለው፣ ከ0 እስከ 100 ይሰጣል፣ ለስትሮክ ታካሚ ይመቻል። የዓለም ጤና ድርጅት ሁዳስ 2.0 አጭሩ 12 ጥያቄ ሲሆን በ5 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ፊም 18 ነገር ይለካል፣ ግን ፈቃድ ይፈልጋል። አንዱን ምረጡና በመግቢያና በመውጫ ሁለቱንም ጊዜ ሙሉት። በመግቢያ ብቻ የተሞላ ሰውየው መሻሻሉን አይነግራችሁም።

ለመስክ ሥራ፦ ኮቦ

ማኅበረሰብ ውስጥ ቤት ለቤት ለሚሠራ ቡድን ኮቦቱልቦክስ (ባጭሩ ኮቦ) የተባለውን የመረጃ መሰብሰቢያ ሶፍትዌር የሚያህል አላየሁም። ፎርሙ በአማርኛ ይዘጋጃል፣ በስልክ ወይም በታብሌት ይሞላል፣ ኔትዎርክ ሳይኖር ስልኩ ላይ ይቀመጣል፣ ማክሰኝት ወይም ጎንደር ሲገባ ይላካል። የማይመለከተውን ጥያቄ ዘሎ ያልፋል። ቦታውንም በጂፒኤስ ይይዛል። አንድ ቀን የሠለጠነ ሠራተኛ ይሞላዋል።

ግን የተሠራው ለዳሰሳ እንጂ ለክትትል አይደለም። ያንኑ ሰው በሦስተኛው ወር ስትጎበኙት እንደ አዲስ ሰው ይመዘገባል። ማያያዝ ይቻላል፣ ሆኖም ጥበብ ይጠይቃል። የትኛው ቀበሌ ስንት ዊልቸር ፈላጊ አለ ለሚለው ኮቦ ይበቃል። ዊልቸር የወሰደው ሰው መቀመጫው ላይ ቁስል ወጣበት ወይ ለሚለው ግን ሌላ ፈልጉ።

ዲኤችአይኤስ2፦ ለማን?

የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተባብረው ይህ ነፃ ሶፍትዌር በጤና ሚኒስቴር በኩል በመላ አገሪቱ ለሪፖርት ይሠራበታል። የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይቀበላል፤ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። ብዙ ኃላፊ «አለን እኮ» የሚለውም ለዚህ ነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ወርኃዊ ሪፖርቱ ድምር ነው። ስንት ሰው እንደታየ ይናገራል፣ ማን እንደቀረ አይናገርም። የሪፖርቱ ወር ደግሞ ከ21 እስከ 20 ስለሚቆጠር ከወርክሾፑ ደብተር ጋር ስታስተያዩ ቁጥሩ አይገጥምም፤ ሌባ አትፈልጉ። እያንዳንዱን ሰው በጊዜ ሂደት የሚከታተለው ትራከር የሚባለው ክፍሉ ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው። የአንድሮይድ መተግበሪያውም ያለ ኔትዎርክ ሞልቶ በኋላ ይልካል። ለቆልማማ እግር ክትትል በጣም ይስማማል። በፖንሴቲ ዘዴ ጄሶው በየሳምንቱ ይቀየራል፣ ከዚያ ልዩ ጫማው መጀመሪያ ቀኑን ሙሉ ለማለት ይቻላል፣ በኋላ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ለዓመታት ይደረጋል። ቤተሰብ የሚቀረው እግሩ ቀና ብሎ የዳነ ሲመስል ነው። ያን ጊዜ ነው እግሩ የሚመለሰው። የቀረውን ሕፃን በሳምንቱ የሚያሳይ ዝርዝር እዚህ ላይ የሕፃኑን ዕድሜ ልክ ይቀይራል።

ይሁን እንጂ ትራከርን አንድ ክፍል ብቻውን አይጀምረውም። ሰርቨር፣ ፈቃድና ሲበላሽ የሚያስተካክል ሰው ይፈልጋል። ከጤና መምሪያና ከሆስፒታሉ አስተዳደር ጋር አብሮ የሚሠራ ካልሆነ አትጀምሩት።

ሙሉ የታካሚ ሲስተም

ኦፕንኤምአርኤስ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ ነፃ የታካሚ መዝገብ ሲስተም ነው። የተሃድሶ ፎርም ግን ራሳችሁ ትሠሩለታላችሁ። ለሰው ሠራሽ አካል ማዕከል ደግሞ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ፣ አይሲአርሲ፣ ያዘጋጀው ዲጂታል የማዕከል ማስተዳደሪያ አለ። ከአይሲአርሲ ጋር የሚሠራ ማዕከል ሌላ ከመግዛቱ በፊት መጀመሪያ ይህን ይጠይቅ።

ሙሉ ሲስተም ሲባል ሁሌ የሚረሳ ወጪ አለ። በቀን 40 ሰው የሚታይ ከሆነና ለአንዱ 5 ደቂቃ መሙያ ከፈለገ፣ 200 ደቂቃ ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ። ያ ጊዜ ከየት ይመጣል? ጸሐፊ ካልተቀጠረ ከፊዚዮቴራፒስቷ እጅ ነው የሚወሰደው። ስለዚህ እያንዳንዱን ጥያቄ «በዚህ መልስ ምን እንወስናለን?» እያላችሁ ፈትሹት። የማይወሰንበት ይውጣ።

ሲሙሌሽን በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃል

አዲስ ቴክኒሻን እንቅጠር ወይስ ሁለተኛ ምድጃ እንግዛ ለሚል ጥያቄ ሲሙሌሽን፣ ማለትም ሥራውን በኮምፒውተር አስመስሎ መሞከር፣ ጠቃሚ ነው። ሰው ሠራሽ እግር ልኬትና ጄሶ፣ ሶኬት (የተቆረጠው እግር የሚገባበት ክፍል)፣ መገጣጠም፣ የእግር ጉዞ ልምምድ እያለ በደረጃ ይሄዳል። ጠባቡ ቦታ ልምምዱ ላይ ከሆነ ጄሶ ላይ ሰው መጨመር ወረፋውን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ከማዛወር በቀር ጥቅም የለውም። ሲምፓይ በሚባል ነፃ የኮድ ስብስብ፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ይሠራል። በየሳምንቱ የምትከፍቱት ነገር አይደለም፤ ሶፍትዌር አትግዙለት። የኢንፎርማቲክስ ትምህርት ክፍሉን አነጋግሩ፣ ለተማሪ መመረቂያ ጥሩ ርዕስ ይሆናል። የየደረጃውን ትክክለኛ ደቂቃ ግን እናንተ ለክታችሁ ስጧቸው።

ስለ ኤአይ

ኤአይ አይጠቅምም አልልም። ለብዙ ክፍል ግን ጊዜው ገና ነው። ማን ከቀጠሮ እንደሚቀር የሚተነብይ ሲስተም ውጭ አገር ሲሠራ የተማረው ከኢንሹራንስ ዓይነትና ከፖስታ ቁጥር ሊሆን ይችላል። እዚህ ሰው የሚቀረው በገበያ ቀን፣ በመኸር አጨዳ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ የአውቶቡስ ብር ሲጠፋ ነው። የራሳችሁ የበርካታ ዓመት ንጹሕ መዝገብ ከሌለ የሚማርበት ነገር የለውም።

ትንበያው ትክክል ቢሆን እንኳ አጠቃቀሙ ሌላ ጥያቄ ነው። «ይቀራል» የተባለው ሰው ቦታ ላይ ለሌላ ሰው ደርቦ ቀጠሮ መስጠት የሩቁንና የድሃውን በር ይዘጋል። ያንኑ ትንበያ ይዞ አስቀድሞ መደወል ግን ሰውየውን ያመጣል። ቀዳሚ ታሪክም አለ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ የተሠራው ማይሲን የተባለ የኮምፒውተር ሲስተም ለኢንፌክሽን መድኃኒት ሲመርጥ በፈተና ጥሩ ውጤት አመጣ። በዕለት ተዕለት ሕክምና ግን አልተሠራበትም። ከሐኪሙ ሥራ ጋር ሊዋሃድ አልቻለም።

እኔ ብመርጥ

ትንሽ ክፍል ከሆናችሁ በኤክሰል የተጠባባቂ ዝርዝርና የቅድሚያ ነጥብ ጀምሩ። የመስክ ቡድን ካላችሁ ኮቦን ጨምሩ። የሚጠፋባችሁ ታካሚ ከበዛና አስተዳደሩ ከጎናችሁ ከሆነ ወደ ትራከር ሂዱ። ወርክሾፕ ያለው ማዕከል የዕቃ ክምችትንና ታካሚን አንድ ላይ የሚይዝ ሲስተም ያስፈልገዋል። ይህን ቅደም ተከተል መዝለል የሚያዋጣው ሲስተሙን ለዓመታት የሚጠብቅ ቋሚ ሠራተኛና በጀት ሲኖር ብቻ ነው። በፕሮጀክት ገንዘብ የመጣ ሲስተም ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ማን እንደሚከፍልለት አስቀድሞ ይጻፍ።

በምንም አማራጭ ላይ የማልደራደርበት አንድ ነገር የሰው ምስጢር ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድባል። እኛ ጋ ደግሞ ከሕግም ያልፋል። ስም፣ ቀበሌና «በጥይት የቆሰለ» የሚል ዓምድ አንድ ላይ ያለበት ዝርዝር በዚህ ጊዜ የማይገባው እጅ ቢገባ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ለሕክምናው የሚያስፈልገው እግሩ ከየት ላይ እንደተቆረጠ ነው። የጉዳቱ መንስኤ ለውሳኔያችሁ ካላስፈለገ አትመዝግቡት። ካስፈለገም ከስም ተነጥሎ ይቀመጥ። ዝርዝሩ በቴሌግራም አይላክ።

ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩን ወይም ለጋሹን ሦስት ነገር አስደርጉት። ኢንተርኔቱን ነቅላችሁ አንድ ታካሚ ያስመዝግብ። የልደት ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ሕፃን ዕድሜ በትክክል ያውጣ። ከዚያ ያለውን መረጃ በሙሉ ወደ ኤክሰል አውጥቶ በፍላሽ ይስጣችሁ። ሦስተኛውን «በኋላ ይስተካከላል» ካለ ውሉን አትፈርሙ፤ የታካሚዎቻችሁ መዝገብ እሱ ጋ ይቀራል።